የእናቷ ሁለተኛ ዐይን

ደብረ ብርሃን ላይ የሚለቀሰው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሌላው ከተማ የራሱ ቀን አለው፤ ደሴ ማክሰኞ ነው ይባላል፤ አዳማ ሰዉ ሥራ ስለሚበዛበት እሑድ ከሰዓት ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአየር ትንበያ የምታነበው ልጅ ዓርብ ጠዋት ዝናቡን ከጨረሰች በኋላ የከተማውን እንባ ታነባለች። ከባለፈው ሳምንት በልጦ እንደሆነ ፈገግ ትላለች፤ አንሶ እንደሆነ "ትንሽ ደረቅ ያለ ሳምንት ነበር" ብላ ወደ ስፖርቱ ታልፋለች።

ስንዱ አብተው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሐሙስ ተራዋ ሲደርስ ማሽኗን ለጎረቤቷ አደራ ትላለች፣ ጋውኗን ታወልቃለች፣ ፊቷን በሳሙና ትታጠባለች። ቅባት ያለበት ፊት መስታወቱን ያሳስተዋል ይባላል። ከዚያ በዚያ አጥንት በሚሰብረው ነፋስ ውስጥ ነጠላዋን ጠቅልላ ወደ ሥዕል ቤት ትሄዳለች። አለቆቿ ይህን ፈቃድ ሲሰጡ አይነጫነጩም፤ ያለቀሰ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ እጁ ይቀላል፣ ክር አይበጥስም፣ ከሰው አይጣላም።

ሥዕል ቤት ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ሰው ገብቶ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆምና፣ ራሱን ነቅንቆ "ጎበዝ ሰዓሊ ነው" ብሎ ይወጣ ነበር። ገሚሱ ምንም አይሰማውም፤ ያልተሰማውም የተሰማው ለመምሰል ትንሽ ይቆያል። አሁን ያ ሁሉ ሐፍረት ቀርቷል። ከየሥዕሉ ፊት መስታወት አለ። መስታወቱ መንግሥት ያወጣለት ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን "አባባይ" ብሎታል፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። የቆመለትን ሰው ትንፋሽ ያዳምጥና ሥዕሉን እንደ ሆዱ ያደርግለታል። ለአንዱ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ለሌላው ይጠራል፤ የአንዱ ፈረስ ለሌላው የሞተ ውሻው ይሆናል። ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሥዕል የሚያዩ ሁለት ሰዎች የሚያለቅሱት በሁለት ነገር ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ግን ሰው የጎረቤቱን መታለል እንጂ የራሱን መቼ ያያል።

ያላለቀሰ "ደረቅ" ይባላል። ደጋግሞ የደረቀ ጤና ጣቢያ ይጠራል። ጤና ጣቢያው ክፉ አይደለም፤ ትኩስ ሻይ ይሰጣሉ፣ "አይዞህ" ይላሉ፣ ከዚያ ያለሰልሳሉ። ከፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል አንድ ሰው ለስልሶ ተመልሷል፤ ዛሬ ሥጋ ቤት በር ላይ የተሰቀለ በግ ባየ ቁጥር ያለቅሳል።

ስንዱ ጤና ጣቢያ ተጠርታ አታውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሷም እንባ ገድሞ አያውቅም። ሁልጊዜ የምትቆመው ከአንድ ሥዕል ፊት ነው። ከሥሩ "እናት" የሚል ተጽፏል። የሳለው አባቷ አብተው ነው፤ አንኮበር ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሙያውን የተማረ፣ ኋላ ደብረ ብርሃን ወርዶ ሸራ ላይ የሳለ ሰው። የተሳለችው ደግሞ እናቷ የትናየት ናት። የትናየት የሞተችው ስንዱ ክፉና ደግ ሳትለይ ነው። አብተው ሥዕሉን ለከተማው ሰጠ፣ ብሩሹን ሰቀለ፣ ልጁን አንኮበር እህቱ ዘንድ ላካት፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሚስቱን ተከትሎ ሞተ። ፎቶ እንደሆነ በስልክ የነበረው ሁሉ ከአሮጌው ስልክ ጋር ሞቷል። ስንዱ አድጋ ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ መስታወቱ ተገጥሞ ጠበቃት። የእናቷን መልክ የምታውቀው ከዚያ ብቻ ነው።

በመስታወቱ ውስጥ የትናየት ፊት ለፊት ተቀምጣ በሁለት ትልልቅ ዐይኖቿ ስንዱን ታያታለች። አስተያየቷ "መጣሽ?" የሚል ዓይነት ነው። ስንዱ ሥራ ላይ ተመስግና በሄደች ጊዜ ፊቷ ፈካ ይላል። ከባሏ በተፋታች ሰሞን ደግሞ ከንፈሯን ልትመጥላት የደረሰች ትመስል ነበር። ስንዱ መስታወቱ እንደሚያባብል ታውቃለች። ሰማዩን ይነካካ ይሆናል፣ የቀሚሷን ቀለም ይለውጥ ይሆናል ትላለች፤ ዐይኖቿን ግን አባቴ ነው የሳላቸው ብላ ታምናለች። ያን ያህል ዘመን የኖረችውም እናቴ ታየኛለች ብላ ነው።

ዘመኑ ስንቱን ለወጠው። መብራት መጥፋትን ግን አልለወጠም። አንድ ሐሙስ፣ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ፣ ሁሉም እንባው ሊመጣ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ፣ መብራት ድርግም አለ።

አስተናጋጆቹ ለምደውታል። ወዲያው እያጨበጨቡ "ዐይን! ዐይን ጨፈን እናድርግ! አሁን ይመለሳል!" ይላሉ፤ ሰዉም እንደ ጸሎት ዐይኑን ይጨፍናል። መብራት የሌለው አባባይ እንዲያው ተራ መስታወት ነውና ጥሬውን ሥዕል ያሳያል፤ ጥሬ ሥዕል ማየት ደግሞ ሰውን ያደርቃል ይባላል። ስንዱም ልትጨፍን ነበር። ግን ከእናቷ ጋር ወሬ ላይ ነበረች፤ ስለ ወገቧ ሕመም በልቧ እየነገረቻት ነበር። ወሬ ሳይጨርሱ ዐይን መጨፈን ነውር መሰላትና አልጨፈነችም።

ከመስኮቱ በሚገባው የቀን ብርሃን የእናቷን ፊት አየች። ፊቱ ዞሯል። የትናየት በጎን ተቀምጣለች፤ የሚታየው አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮና አንድ ዐይን ነው። ያቺም አንድ ዐይን ስንዱን አታይም።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይን ይሳላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች ግን በጎን ናቸው፤ አንድ ዐይን ነው ያላቸው። አብተው ይህንን ሕግ ቀለም መበጥበጥ ሲማር አብሮ የተማረው ነው። ስንዱም አንኮበር ስታድግ፣ ቅዳሴ ሲረዝምባት፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ባለ አንድ ዐይኖች እየቆጠረች ያደገች ልጅ ናት። ስለዚህ ያየችው ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም።

ከአጠገቧ ዘርጋው ቆሟል፤ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከዚሁ ሥዕል ፊት አይጠፋም። ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በጣቶቹ መሀል ሲያይ ኖሯል።

"በስመ አብ!" አለ። "ሴትዮዋ ባለ አንድ ዐይን ናት እንዴ? ምን በድላ ነው?"

"ዝም በል ዘርጋው።"

"ኧረ እኔስ የራሴን እናት ነበር የማየው። ይቺ የማን ናት?"

የዘርጋው እናት በሕይወት አለች፤ ሸኖ ነው የምትኖረው፣ በአውቶቡስ ሻይ ሳይበርድ የሚደረስበት። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ የሚባለው ለካ ለዘርጋው ነው። ስንዱ በሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ ነግራው ትስቅበት ነበር። አሁን ግን "የኔ ናት" ማለት አፈረች።

መብራት መጣ። መስታወቱ ጭጋግ እንደሚገፈፍለት ነገር ሆነና የትናየት ቀስ ብላ ዞረች። በሁለት ዐይኖቿ "መጣሽ?" አለች። ዘርጋው "እፎይ፣ ይቺ ናት የኔዋ" ብሎ እንባውን ለቀቀው። ስንዱ ግን ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፤ የዚያን ሐሙስ ደርቃ ወጣች።

ቤቷ ገብታ ያላሰበችው ክፉ ነገር የለም። አባቷ ሰው በነገር የማይወጋ፣ ዝምተኛ ሰው እንደነበር ትሰማለች። ዝምተኛ ሰው ቂሙን በምን ያወጣል? ሰዓሊ ከሆነ በብሩሽ ነው። እናቴ ምን አድርጋ ነው? ከሰው ተገኝታ ነው? ቤት ጥላ ሄዳ ነው? አባቷ ሥዕሉን ለከተማው የሰጠው ለመታሰቢያዋ ነው ብላ ስትኮራ የኖረችው፣ ለካ አደባባይ ሊያሰጣት ኖሯል። እንዲህ እያለች ስንዱ የሞተችውን እናቷን ቤቷ ቁጭ ብላ ከሰሰቻት፤ መልሳ ደግሞ ስለ መክሰሷ አለቀሰች። ያን እንባ የሚለካው አልነበረም።

ቅዳሜ አንኮበር ወጣች። አክስቷ አሰገደች በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትፈለፍላለች። ዕድሜዋ ጆሮዋን እንጂ ምላሷን አልደፈረውም።

"እታለም፣ እናቴ ምን አድርጋ ነው?" አለች ስንዱ፣ ገና ሳትቀመጥ።

"የቷ እናትሽ? ያሳደግኩሽ እኔ፤ ምን አደረግኩሽ ደግሞ?"

"አትቀልጂ እታለም። አባቴ ለምንድን ነው በአንድ ዐይን የሳላት?"

አሰገደች እጇ ላይ ያለውን ባቄላ ወደ ሰፌዱ መለሰችው። "ስንት ዘመን ስታያት ኖረሽ ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?"

"እኔ የማያት በሁለት ዐይን ነው። ፊት ለፊት ነበር የምታየኝ።"

"የትኛው ሥዕል ላይ?"

"እዚያው። መስታወቱ ላይ።"

አሰገደች ሥዕል ቤት ገብታ አታውቅም፤ ለማልቀስ መስታወት የሚያስፈልገው ሰው ሆዱ ቢመረመር ይሻለዋል ባይ ናት። አሁን ግን ስንዱን አየቻትና ነገሩ ገባት።

"አይ ልጄ!" አለች። "በመጣሽ ቁጥር 'እናቴ አየችኝ፣ እናቴ ታየኛለች' ስትዪኝ፣ እኔ እኮ ነፍሷን መስሎኝ! ይቺ ልጅ ሃይማኖቷ ጠና ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።"

ከዚያ ነገረቻት። ያኔ ሰዉ እስከ ዛሬ የትኩሳቱ ክረምት እያለ የሚጠራው ክረምት ነበር። ሐኪም ቤቱ ሞልቶ ሰው በየቤቱ ተኛ። የስንዱ ታላቅ፣ ማስተዋል፣ ታመመች። ስንዱ እህት እንደነበረቻት ታውቃለች፤ የምታውቃት ግን እንደ ሩቅ ዘመድ በስም ነው።

"እናትሽ ከልጅቷ ራስጌ አልነሳ አለች" አለች አሰገደች። "ብንለምናት ብንሠራት። አባትሽ ደግሞ እጁ ሥራ ካልያዘ ልቡ የሚጠፋ ሰው ነው፤ ሸራውን ወጥሮ ጥግ ላይ ቆሞ ይስላታል። ምን ያድርግ ታዲያ? 'የትናየት፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ዙሪልኝ' ይላታል። 'እኔ ሚስቴን በአንድ ዐይን ልሳል? እግዜርስ ምን ይለኛል?' ይላታል። እሷ ምን አለችው መሰለሽ? 'ሳል ዝም ብለህ፤ ልጄ ዐይኔን ይዛዋለች' አለችው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ማስተዋል ሞተች። እናትሽም በሽታውን ከሷው ወስዳ ኖሮ ተከተለቻት። እኔው ነኝ፣ አፌ አያርፍ፣ 'አቤ፣ ያቺን ዐይኗን ጨምርላት እንጂ፣ ሰው ሲያያት ምን ይላል' ያልኩት። አባትሽ ምን አለ? 'ሁለተኛው ዐይኗ በወዲያ በኩል ነው፣ ከማስተዋል ጋር። እኔ ከዚያ ነጥቄ ለሰው አላሳይም' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልያዘም።"

ስንዱ ትንፋሿ መለስ አለላት። እናቷ አልበደለችም። አባቷም አልተቀየመም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና መልሱን ሳትፈራው አልቀረችም።

"እኔስ እታለም? እኔ የት ነበርኩ?"

አሰገደች ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። "እዚያው ነበርሽ።"

"የት እዚያ?"

"ከጀርባዋ። ነጠላዋን ይዘሽ ትጎትቻታለሽ። ታለቅሻለሽ። ሕፃን ምን ያውቃል።"

"ዞራ አየችኝ?"

አክስቷ ሌላ ባቄላ አነሳች። ስንዱ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት። "እታለም፣ ዞራ አየችኝ?"

"ያልዞረችው ትንፋሿ እንዳይነካሽ ብላ ነው። በሽታው እንዳይዝሽ። ይኸው ለዚያ አይደል እንዴ ተርፈሽ ለዚህ የበቃሽው?"

"እሷ ናት እንዲህ ያለችው?"

"አላለችም።"

"እያባበልሽኝ ነው እታለም?"

"አዎ ልጄ" አለች አሰገደች፣ ዐይኗ ሞልቶ። "አዎ፤ እያባበልኩሽ ነው።"

ስንዱ በመልሱ አውቶቡስ ላይ ቀናች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ እኔ ግን እናገራለሁ። እሷ እዚህ አርጅታ፣ በሕፃንነቷ በሞተች እህቷ ቀናች። ማስተዋል የእናቷን ሁለት ዐይን ሙሉ በሙሉ ይዛ ሄዳለች፤ ለስንዱ የቀረላት መስታወት ነው። ሲቆይ ደግሞ ስለ መቅናቷ አፈረች። ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ያ ሁሉ "መጣሽ?"፣ የወገብ ሕመሟን የነገረቻት፣ የትዳሯን መፍረስ የነገረቻት፣ ማን ነበረች? እናቷ ካልነበረች፣ ለስንዱ ከእናቷ ምን ቀረላት?

የሥዕል ቤቱ ኃላፊ ኪሩቤል ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሰው ሲያነጋግር አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ስንዱ ያለ መስታወት ማየት እፈልጋለሁ ስትለው ያመማት መሰለው።

"እትዬ ስንዱ፣ ጥሬ ሥዕል ምን ያደርግልዎታል? ጥሬ ሥዕል እኮ አያይዎትም።"

"ሰው ነው ሥዕል የሚያየው፤ ሥዕል ሰው ያያል እንዴ ልጄ?"

"እሱ ድሮ ነው" አለ በትሕትና።

ደግነቱ አልከለከላትም። ሥዕሉ የከተማው ነው፤ መስታወት ይኑረው አይኑረው የሚለው ግን የሰዓሊው ልጅ ቃል ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ቢሆንም ኪሩቤል እንደ ልጅ ሆኖ መከራት። መስታወቱ የተነሳለት ሥዕል ማንንም አያስለቅስም፤ የማያስለቅስ ሥዕል ደግሞ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ምድር ቤት የወረደ ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል እንጂ ሲወጣ ታይቶ አያውቅም። አቶ ዘርጋውንም ያስቡ እንጂ አላት። ስለዚህ ለብቻዋ፣ አዳራሹ ሳይከፈት፣ ለጥቂት ጊዜ ያጠፋላታል፤ ከዚያ መስታወቱ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። "አይተው ይውጣልዎት፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን" አላት።

ረቡዕ ጠዋት ሄደች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ብርዱ ከውጭው ይብሳል። ኪሩቤል መስታወቱን አጠፋና ራቅ ብሎ ቆመ።

ስንዱ ያለቀሰችበትን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየችው። ከምታውቀው ያነሰ ነው። ቀለሙ ደፍርሷል፤ የአባቷ እጅ መጣደፉ ያስታውቃል፤ የእናቷ አንገት ትንሽ ረዝሞበታል። የትናየት በጎኗ ተቀምጣለች። በግራ ጠርዝ በኩል ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ የሕፃን ግንባርና ትንሽ ፀጉር ብቻ ይታያል፤ ሌላው ከሸራው ውጭ ቀርቷል። የትናየት ሁለቱም እጆች እዚያ ግንባር ላይ ናቸው። በቀኝ ጠርዝ በኩል ደግሞ ነጠላዋ አለ። ነጠላው እንደ ሌላው ልብስ አልወረደም፤ ወደ ጠርዙ ተወጥሯል፣ የጥበቡ መስመር ተጣሟል። ከጠርዙ ወዲያ የያዘው ሰው አልተሳለም። አብተው መጎተቱን ብቻ ነው የሳለው።

"ይኸው አለሁ" አለች ስንዱ በልቧ። በዚያ ቤት ውስጥ መኖሯን የሚያሳይ ይህች የተወጠረች ጨርቅ ብቻ ናት። እናቷም ጨርቁ እየተጎተተ አልዞረችም።

እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አልመጣም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይላሉ፤ የስንዱ ልብ እያየ ነበር፣ አብዝቶ እያየ ነበር፣ እንባ ግን የለም። ያየችው ነገር የሚያስለቅስ አልነበረም፤ የሚያስቆም ነበር። ልጅ የምትሞትባት ሴት ናት፤ ሌላ ነገር አይታያትም፤ አለቀ። ስንዱ ስለ ራሷ ማሰቡን ለጥቂት ጊዜ ረሳችውና እናቷ አሳዘነቻት። እስከ ዛሬ እናቷ ናት ለሷ ስታዝንላት የኖረችው፤ እሷ ለእናቷ አዝና አታውቅም ነበር።

ጊዜው አለቀና መስታወቱ ነቃ። የትናየት አንገት መዞር ጀመረ። ትራሱ ደብዝዞ የመስኮት ብርሃን ሊሆን ነው፤ ሁለተኛው ዐይን ከወዲያ በኩል ብቅ አለ። "መጣሽ?" ልትላት ነው።

"አይ እማዬ" አለች ስንዱ፣ ድምፅ አውጥታ። "ወደ ማስተዋል ዙሪ።"

መስታወቱ ለሰማው ልብ ሁሉ ታዛዥ ነው። የትናየት ግማሽ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ትራሱ ተመለሰች። ግንባሩም ፀጉሩም ተመለሰ። ነጠላው እንደገና ተወጠረ። ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ የሳለው ሥዕል ነው፤ ምንም አልቀረውም፤ እንዲያውም ቀለሙ የተሻለ ነው፣ አንገቷም ልክ ሆኗል።

ያኔ ነው የትናየት አንድ እጇን ያነሳችው። ፊቷን ሳታዞር፣ ቀኝ እጇን በስተኋላዋ ሰደደችው። እጁ በነጠላው እጥፋት ላይ እየዳበሰ ወረደ፣ ጠርዙ ጋ ደረሰ፣ እዚያ ያልተሳለውን የሕፃን እጅ አገኘና ጨበጠው። ጥብቅ አድርጎ ጨበጠው።

ስንዱ አለቀሰች። እንደ ሐሙስ ልቅሶ አይደለም፤ ከሆዷ የወጣ፣ ወገቧን ያጎበጣት፣ ድምፅ ያለው ልቅሶ ነው። እጇን ወደ መስታወቱ ዘረጋች። ያ እጅ ስትጠብቀው የኖረችው እጅ ነው። ሕፃን ሆና የጎተተችው፣ አድጋ ያጣችው፣ አሁን ተሰጣት። አባቷ እንዳልሳለው ታውቃለች፤ ቢሆንም ለቅጽበት ግድ አልሰጣትም።

ኪሩቤል ሮጦ መጣ። ፊቱ በርቷል። "እትዬ ስንዱ! እንዲህ ያለ እንባ እኔ አይቼ አላውቅም! አዩ? መስታወቱ እውነቱንም ያውቃል፤ ጊዜ ሲሰጡት—"

"አጥፋው" አለች።

"ምኑን?"

"አጥፋው ልጄ። ቶሎ በል።"

"ለዛሬ ነው?"

"ለሁልጊዜ። ቃሉ የኔ ነው ብለኸኛል።"

"ምድር ቤት ይወርዳል እኮ! እርስዎም አያዩትም። ምን አጠፋ? አሁን እጇን ሰጠችዎት አይደል?"

ስንዱ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ዐይኗን ከዚያ እጅ ላይ ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞከረች።

"ከማስተዋል ላይ አንስቶ ነው የሰጠኝ" አለች።

ኪሩቤል አልገባውም፤ ግን ሕግ ሕግ ነውና አጠፋው። መስታወቱ ጠራ። የትናየት ቀኝ እጅ ወደ ትኩሳታሟ ልጅ ግንባር ተመለሰ። ሥዕሉን የሚያወርዱት ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ስንዱ በሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ከእናቷ ጀርባ ቆመች፤ ነጠላዋንም አልጎተተችም።